ሲሙን የሚያስነሳው ፍሪጁ ነው፦ የድሮው ዘ ሲምስ ከውስጥ ሲታይ

በደብረ ብርሃን ካደጉና ዕድሜያቸው አሁን ሠላሳዎቹ ውስጥ ከገባ ሰዎች ጋር የድሮ ጌም ወሬ ሲነሳ፣ አብዛኛው ሰው ስለ ኳስና ስለ ጦርነት ጌሞች ያወራል። ማን ማንን ስንት ለስንት እንደረታ፣ ማን ጨርሶ እንደማይቻል። «ዘ ሲምስ» ሲነሳ ግን ወሬው ይለወጣል። ማንም «አሸነፍኩ» አይልም። አንዷ ወጥ ቤቱ ስለተቃጠለበት ሰውዬ ታነሳለች። ሌላው ቤት ሲሠራ ከጀርባ የሚሰማውን ፒያኖ ያንጎራጉራል። ሌላዋ ደግሞ ሕፃን እያለቀሰ የሚያነሳው ጠፍቶ፣ መጥተው የወሰዱት ዕለት እንዴት እንዳዘነች ትናገራለች። የሚያወሩት በአንድ ወቅት አብረዋቸው ስለኖሩ ሰዎች ይመስላል።

እኔም ይህን ጌም እወደዋለሁ። ጠላት የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ መጨረሻም የለውም። ታዲያ እንዴት እንዲህ ያዘን? መልሱ በአብዛኛው ያለው ጌሙ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው። ያ መንገድ ስትጫወቱ አይታይም። አንዴ ከገባችሁ ግን ቀላል ነው፤ ቀላል በመሆኑም በጣም ያምራል። ዛሬ እሱን ላስረዳ።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ዘ ሲምስ የኮምፒውተር ጌም ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2000 ነው፤ በእኛ ጥር 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ማለት ነው። የሠራው ማክሲስ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን ለገበያ ያቀረበው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ተጫዋቹ ሰው ይፈጥራል። ስም፣ ፊት፣ ልብስና ጠባይ ይሰጠዋል። ሰውየው «ሲም» ይባላል። አዲስ ቤተሰብ 20,000 ሲሞሊዮን ይዞ ይጀምራል፤ ሲሞሊዮን የጌሙ ብር ነው። በዚያ ገንዘብ ቦታ ይገዛል፣ ቤት ይሠራል፣ ዕቃ ያስገባል። ከዚያ በኋላ መኖር ነው። ሲሞቹ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይጋባሉ።

ወደ እኛ የደረሰው ዘግየት ብሎ ነው። ያኔ በሰሜን ሸዋ ከተሞች ኮምፒውተር ያለው ቤት ጥቂት ነበር። ልጆች የሚውሉት ጆተኒ ቤትና ፕለይስቴሽን ቤት ነው። እሱም የወንዶች ቦታ ነበር። ዘ ሲምስ ለዚያ ዓይነት ቤት አይሆንም። እዚያ አንድ ጨዋታ ተጫውቶ፣ ከፍሎ፣ ለተረኛው መልቀቅ ነው። ይህ ጌም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ትናንት የሠራችሁትን ቤት ዛሬ መጥታችሁ ማግኘት አለባችሁ። ስለዚህ የተዛመተው ኮምፒውተር ባላቸው ዘመዶች ቤትና ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት በፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ ነው። ኮፒ በተደረገ ሲዲ ነበር የሚመጣው። ካርቶን የለው፣ መመሪያ የለው። ሁሉንም ነገር እየነካካን ነው ያወቅነው። እኛ ሴቶች ልጆችም ማውሱን የያዝነው በዚህ ጌም ነው።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን የተጫወተ ሁሉ ያውቃል። ጌሙ በራሱ ሴቭ አያደርግም። ሴቭ ሳታደርጉ መብራት ከሄደ፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይሆናል። የተጋቡት ሳይጋቡ ይገኛሉ። የተቃጠለው ምድጃ ደህና ሆኖ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንድ ቀን ስጫወት አንዲት የጎረቤት እናት ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ሰውየው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ምንም ሳልነካ ተነሳና ወደ ወጥ ቤት ሄደ። «የኔ ልጅ፣ አሁን ይህን ሰውዬ ማን ነው ተነስ ያለው?» አሉኝ። «ርቦት ነው» አልኳቸው። «መራቡንስ ይራበው፤ ምግቡ እዚያ እንዳለ ማን ነገረው?» አሉ።

ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው። ስለ ዘ ሲምስ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ከእሳት በኋላ

ጌሙን የፈጠረው ዊል ራይት ነው። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የከተማ መሥሪያ ጌም «ሲምሲቲ»ን ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1991 በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድና በበርክሊ ኮረብታዎች ላይ ከባድ እሳት ተነሳ። 25 ሰዎች ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ መኖሪያዎች ወደሙ። የራይት ቤትም ከነዕቃው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ኑሮውን ከዜሮ መጀመር ነበረበት። ምን እንደሚያስፈልገው፣ የቱን ዕቃ ቀድሞ እንደሚገዛ፣ የቱ ባይኖር እንደማይጎድልበት አንድ በአንድ ማሰብ ያዘ። ከዚያ ሐሳብ ነው ጌሙ የተወለደው።

መጀመሪያ ያሰበው ግን የሰው ጌም አልነበረም። የቤት አሠራር ጌም ነበር። አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር ስለ ቤትና ስለ ሰው ኑሮ ግንኙነት ያነሳቸው ሐሳቦች ይማርኩት ነበር። ተጫዋቹ ቤት ይሠራል፤ ትንንሽ ሰዎች ይገቡበትና ቤቱ ለኑሮ የሚመች መሆን አለመሆኑን ይፈትኑታል። ሰዎቹ የቤቱ መለኪያ ብቻ ነበሩ። ሥራው እየገፋ ሲሄድ ግን ከቤቱ ይልቅ ሰዎቹን ማየት የበለጠ ደስ አለ። በማክሲስ ውስጥ ግን ሐሳቡን የወደዱት ጥቂቶች ነበሩ። ሰው ሲበላ፣ ሲያጥብና ሽንት ቤት ሲያጸዳ ማየት ጌም ይሆናል ብሎ ማመን ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1997 ኤሌክትሮኒክ አርትስ ማክሲስን ገዛ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተፋጥኖ ከ3 ዓመት በኋላ ወጣ።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ለሚቀጥለው ክፍል ያስፈልገናል። ራይት እ.ኤ.አ. በ1991 «ሲምአንት» የሚባል የጉንዳን ጌም አውጥቶ ነበር። ጉንዳን አእምሮዋ ትንሽ ነው። ምግብ ያገኘች ጉንዳን ስትመለስ መሬቱ ላይ ሽታ ትታ ትሄዳለች። ሌላዋ ያንን ሽታ ተከትላ ምግቡ ጋ ትደርሳለች። የምግቡን ቦታ የያዘው መሬቱ እንጂ የጉንዳኗ ራስ አይደለም። ራይት ይህንን ሐሳብ ወደ ሰው ቤት ይዞት ገባ።

ስምንቱ ጉድለቶች

እያንዳንዱ ሲም ስምንት ፍላጎቶች አሉት። ርሃብ፣ ምቾት፣ ንጽሕና፣ ሽንት፣ ጉልበት፣ መዝናናት፣ ከሰው ጋር መሆንና የሚኖርበት ክፍል ሁኔታ። እነዚህን ከታች በኩል እንደ ባር ሆነው ታዩዋቸዋላችሁ። አረንጓዴ ሲሆኑ ጥሩ ነው፣ ቀይ ሲሆኑ ችግር አለ። ከውስጥ ግን ቁጥር ናቸው። ከዜሮ በታች 100 (-100) ላይ ይጀምራሉ፣ እስከ 100 (+100) ይደርሳሉ። አብዛኞቹ ጊዜ በሄደ ቁጥር ዝም ብለው ይወርዳሉ።

ጊዜው ደግሞ ይሮጣል። በተለመደው ፍጥነት በእኛ አንድ ሰከንድ በሲሙ አንድ ደቂቃ ነው። ስለዚህ የሲም ቀን 24 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሲም ቀርፋፋ ነው። አንድ ሳህን ምግብ በልቶ እስኪነሳ ጧቱ ያልቃል። ሁሉንም ባሮች አንዴ አረንጓዴ አድርጎ ማቆየት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ስትሞሉ ሌላው ይጎድላል። ለመሸነፍ የሚያሰጋ ጠላት ባይኖርም ልብ የሚሰቀለው በዚሁ ነው።

ዕቃው ይናገራል፣ ሰውየው ይሰማል

እሺ፣ ሰውየው ርቦታል። ምግብ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ማን ነገረው?

ፍሪጁ ራሱ ነው የነገረው።

ብዙ ሰው ሲም በራሱ የሚያስብ ይመስለዋል። ርሃብ ይሰማዋል፣ ወጥ ቤት እንዳለ ያስታውሳል፣ ይሄዳል ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። ሲሙ ስለ ፍሪጅ ምንም አያውቅም። ፍሪጅ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚከፈት፣ ምን እንደሚበላ ሁሉም የተጻፈው ፍሪጁ ውስጥ ነው። ፍሪጁ ሁልጊዜ ድምፅ የሌለው ማስታወቂያ ይለቃል። «እኔ ጋ የመጣ ርሃቡን ይህን ያህል አቀልለታለሁ» ይላል። አልጋው «ጉልበት እሰጣለሁ» ይላል። ቴሌቪዥኑ «አዝናናለሁ»፣ ሻወሩ «አጸዳለሁ» ይላሉ። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ሰው ሳይቀር «ከእኔ ጋር ብትጫወት ብቸኝነትህ ይቀላል» እያለ ያስተዋውቃል። ሲሙ ሥራ በፈታ ቁጥር ማስታወቂያዎቹን ሁሉ ሰምቶ ያወዳድራል። አስተሳሰቡ ይኸው ብቻ ነው።

ውድድሩን በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሮቹን ለማስረዳት እኔ የመረጥኳቸው ናቸው። አንድ ሲም ተርቧል፤ የርሃቡ ባር ከዜሮ በታች 60 (-60) ላይ ነው። ትንሽም ደብሮታል፤ መዝናናቱ ከዜሮ በታች 10 (-10) ላይ ነው። ፍሪጁ «40 ነጥብ ምግብ» ይላል። ቴሌቪዥኑ «50 ነጥብ መዝናናት» ይላል። እንዲሁ ካየነው ቴሌቪዥኑ ይበልጣል። ግን ጌሙ በጣም የጎደለ ነገር የበለጠ ክብደት እንዲኖረው ያደርጋል። ለተራበው ሰው የምግብ ጥሪ በ3 ይባዛል እንበል፤ የመዝናናቱ በ1። አሁን ፍሪጁ 120 ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ 50 ላይ ቀረ። ሰውየው ይነሳል፣ ይበላል።

ገና አላለቀም። ርቀትም ይቆጠራል። ጥሪው ከሩቅ ሲመጣ ይደክማል። ፍሪጁን ከቤቱ ማዶ ካስቀመጣችሁት 120 የነበረው ወርዶ 40 ሊሆን ይችላል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አጠገቡ ነው፣ 50 እንዳለ ነው። በዚህ ጊዜ የተራበው ሰውዬ ቴሌቪዥን ሲያይ ይቆያል።

ይህንን ያየ አለ? አለ፣ ሁላችንም አይተናል! ሲሙ እየተራበ ሶፋው ላይ ተጎልቶ ሲውል «ምን ነካው?» ብለን ስንናደድ ኖረናል። ምንም አልነካውም። እኛ ነን ሶፋውን እዚያ፣ ፍሪጁን እዚህ ያደረግነው። የዊል ራይት የመጀመሪያ ሐሳብ፣ ሰው የቤት መለኪያ ነው የሚለው፣ ጌሙ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል ማለት ነው። ቤት ስትሠሩ የሰዎቹን ጠባይ እየሠራችሁ ነበር።

ለሲሙ የምትሰጡት ጠባይም የሚገባው እዚሁ ስሌት ውስጥ ነው። ንጹሕነት፣ ተግባቢነት፣ ንቁነት፣ ተጫዋችነትና ደግነት የሚባሉ አምስት ጠባዮች አሉ። 25 ነጥብ ይሰጣችሁና ለአምስቱ ታከፋፍላላችሁ። ተጫዋች የሆነ ሲም የመጫወቻ ዕቃ ጥሪ ጎልቶ ይሰማዋል። ንጹሕ የሆነው የቆሸሸ ሳህን አያስቀምጠውም። ሁለቱን አንድ ቤት ስታስገቡ አንዱ ሲበትን አንዱ ሲለቅም ያድራሉ። ጸባቸውን ማንም አልጻፈውም። ከቁጥሮቹ ልዩነት በራሱ የመጣ ነው።

ደግሞ ሲሙ ሁልጊዜ አንደኛ የወጣውን ጥሪ አይከተልም። ከላይ ካሉት ጥቂት ጥሪዎች ውስጥ በዕጣ አንዱን ያነሳል። ሁልጊዜ ምርጡን ቢመርጥ ማሽንነቱ ይታወቅበት ነበር። አልፎ አልፎ የማይረባውን ስለሚመርጥ ሰው ይመስላል። ሠሪዎቹ ሲሞቹ በራሳቸው ኑሮን ከሚገባው በላይ እንዲችሉት አልፈለጉም። እንዲያ ከሆነ እኛ ምን ልንሠራ? ትንሽ እንዲሳሳቱ ተደረጉ። እኛም እነሱን ማገዝ ሥራችን ሆነ። ፍቅሩ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም የታየው በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ዘ ሲምስ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 ድረስ ሰባት ተጨማሪ ጥቅሎች ወጡ። በየጥቅሉ አዲስ ዕቃ፣ አዲስ ሥራ፣ አዲስ ቦታ ይመጣል። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሲሞቹን እንደገና ማስተማር አላስፈለገም። ዕቃው አጠቃቀሙን ይዞ ነው የሚመጣው። ከሁሉም የማልረሳው የሚያለቅሰው ክላውን (የሰርከስ አስቂኝ ሰው) ሥዕል ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ሲሙ በጣም ከከፋው፣ ያ ክላውን ራሱ ቤት ድረስ ይመጣል። ሊያስቅ ይሞክራል፣ ግን አይሳካለትም፣ ጭራሽ ያባብሰዋል። መመሪያ ለሌለን ለእኛ ይህ ሰውዬ ከየት እንደመጣ ትልቅ ምሥጢር ነበር። መንስኤው ሥዕሉ መሆኑን ያወቀ ልጅ በሰፈሩ የተከበረ ነበር።

ጀበና ጌሙ ውስጥ ቢኖር

አሠራሩ ከገባችሁ የራሳችሁን ዕቃ በሐሳብ መሥራት ትችላላችሁ። እኔ ጀበናን እወስዳለሁ።

በጌሙ ውስጥ የቡና ማሽን አለ። ጉልበት ይጨምራል፣ ሽንትን ያፋጥናል። ሰውየው ብቻውን ቆሞ ይጠጣና ይሄዳል። አሁን የጠባሴ ሰፈርን አንድ ቤት አስቡ። ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ዕጣን ይጨሳል፣ ከሰሉ ቀልቷል። ይህ ዕቃ ምን ብሎ ይጣራል? ጉልበት እሰጣለሁ ይላል። ክፍሉን አሳምራለሁ ይላል። አዝናናለሁ፣ ከሰው ጋር አገናኛለሁ፣ በቆሎው ወይም ቆሎው ካለ ርሃብም አስታግሳለሁ ይላል። ከስምንቱ ፍላጎቶች አብዛኞቹን በአንድ ጊዜ ይጠራል። ደግሞም ጥሪው በአጥር አይቆምም። አንዲት ልጅ ወደ ጎረቤት ትላካለች፦ «ቡና ጠጡ በሉ ተብላችኋል።»

ይህ በድሮው ዘ ሲምስ አይቻልም። እዚያ እያንዳንዱ ቤት የተዘጋ ዓለም ነው። አንዱን ቤት ስትጫወቱ የቀሩት ቤቶች ጊዜያቸው ቆሟል። ጎረቤት እያለፈ ጎራ ሊል ይችላል፣ በስልክም ትጠራላችሁ። የእሱ ቤት ኑሮ ግን እናንተ እስክትገቡበት ድረስ አንድ ደቂቃ አይቆጥርም። ይህ ግድግዳ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሦስተኛው ጌም ነው። በዚያኛው ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ ይኖራል።

ሁለተኛ ነገር፣ ብርድ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። መንዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከተማችን በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀችው በዋዛ አይደለም። ለእኛ ሰው የፍላጎት ዝርዝር አውጣ ብትሉት ሙቀት ከላይ ነው የሚገባው። በመጀመሪያው ዘ ሲምስ ግን ሙቀት የሚባል ባር የለም። ጌሙ የተሠራው በካሊፎርኒያ ነው፤ እዚያ ብርድ የየዕለት ጭንቅ አይደለም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሁለተኛው ጌም በወጣው የወቅቶች ጥቅል ውስጥ የሙቀት መለኪያ ገባ። ሲሙም መብረድና መሞቅ ጀመረ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በጌሙ ውስጥ ጾም የለም። በሰሜን ሸዋ ያደገ ልጅ በፍልሰታ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሳይበላ መዋል ምን እንደሆነ ያውቃል። ርሃቡ አለ፣ ምግቡም ቤት ውስጥ አለ፣ ሰውየው ግን አይበላም። ወዶ ነው የማይበላው። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ የለውም። ሲም ጥሪዎችን ያወዳድራል፣ ከብርቱዎቹ አንዱን ይከተላል። ጥሪውን እየሰማ «አይሆንም፣ ዛሬ አልሄድም» የሚልበት ቁጥር አልተሰጠውም። ለእኔ የጌሙ ትልቁ ድንበር እዚህ ጋ ነው። ጌሙን ዝቅ ለማድረግ አይደለም የምለው። ሰውን በስምንት ቁጥር ለመሥራት ሲሞከር ምን እንደተያዘና ምን እንዳመለጠ በዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሁለተኛው ጌም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 ሲወጣ ወደዚህ ትንሽ ተጠግቷል። ከሥጋ ፍላጎት ሌላ የሕይወት ምኞትና ፍርሃት ተጨመሩ። ሲሙ ትዝታ ይይዛል። ያረጃል። ልጅ የእናት የአባቱን መልክ ይወርሳል። በመጀመሪያው ጌም ልጅ አያድግም ነበር፤ ዘላለም ተማሪ ነው። ብዙዎቻችን ልጁ መቼ ያድጋል እያልን ስንጠብቅ ነው የኖርነው።

የማንም ያልሆነ ቋንቋ

ስለ ሲምሊሽ ሳላነሳ አላልፍም። ሲሞቹ የሚያወሩት ትርጉም የሌለው ቋንቋ ነው። ድምፁን የፈጠሩት ስቲቨን ኪሪንና ጌሪ ሎለር የሚባሉ ያለ ጽሑፍ በቅጽበት የሚተውኑ ባለሙያዎች ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እውነተኛ ቃል ቢሆን ኖሮ አንድ ዓረፍተ ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ይሰለቻል። ትርጉም የሌለው ግን አይሰለችም፤ ስሜቱን ከድምፁ ትረዳላችሁ፣ ሐሳቡን ራሳችሁ ትሞላላችሁ። ከራሳቸው በላይ በሚወጣው ፊኛ ውስጥም ቃል የለም፣ ሥዕል ብቻ ነው።

ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ሜኑዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ እነሱን በቦታቸውና በሥዕላቸው ለመድናቸው። ንግግሩ ላይ ስንደርስ ግን የካሊፎርኒያ ልጅ ከእኛ የሚበልጥበት ምንም አልነበረውም። እሱም አይሰማ፣ እኛም አንሰማ። እኛ በአማርኛ እንተረጉምላቸው ነበር። አንደኛዋ ሴትዮዋን፣ ሌላዋ ባልየውን ሆና ጮክ ብለን እንከራከር ነበር። ያ ክርክር አሁንም ድረስ ይታወሰኛል። ጌሙ ባዶ ቦታ ስለተወልን ነው እኛ የገባንበት። ይህ ባዶ ቦታ ታስቦበት የተተወ ነው፤ ፊታቸው ደብዛዛ፣ ንግግራቸው ትርጉም አልባ የሆነው ተጫዋቹ የራሱን ሰው እንዲያይባቸው ነው።

በዓለም ደረጃም የሆነው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ጌሙ ከ6 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ በወቅቱ በኮምፒውተር ጌም ሽያጭ አንደኛ ሆነ። ከዚያ በፊት ጌም የማይነኩ ብዙ ሴቶች ተጫውተውታል።

ስለ ገንዘብ ሁለት ቃል። «ሮዝበድ» የሚለውን ቺት፣ ማለትም ገንዘብ በአቋራጭ የሚያስገኘውን ምሥጢራዊ ቃል፣ የማያውቅ የለም። አንዴ ሲጻፍ 1,000 ሲሞሊዮን ይሰጣል። ሴሚኮሎን (;) እና ቃለ አጋኖ (!) እየደጋገማችሁ ከጻፋችሁ ገንዘቡ ይጎርፋል። ቪላ ተሠራ፣ ዋና ገንዳ ተቆፈረ። ከዚያስ? ብዙዎቻችን እዚያ ላይ ሰልችቶን ወደ ትንሿ ቤት እንመለስ ነበር። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው። ዕቃ ሲበዛ ጥሪው ይበዛል፣ ቤት ሲሰፋ መንገዱ ይረዝማል፣ ዕቃው ይበላሻል፣ ይቆሽሻል፣ ጠጋኝና ጽዳት ይፈልጋል። ሲሙ በዕቃዎቹ መካከል ሲሮጥ ቀኑ ያልቅበታል። ጠባብ ቤት ውስጥ ሦስት ዕቃ ይዞ የሚኖር ሲም ብዙ ጊዜ ደስተኛ ነው። ለማንኛውም ቺት ከመጻፋችሁ በፊት ያለውን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው።

አሁን መጫወት ለምትፈልጉ፦ ጌሙ 25 ዓመት ሲሞላው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2025 መጀመሪያውና ሁለተኛው ከነጥቅሎቻቸው ለአሁኑ ኮምፒውተር ተስተካክለው እንደገና ወጥተዋል። የድሮውን ሲዲ መፈለግ አያስፈልግም። ስትጀምሩ አንድ ሙከራ አድርጉ። አንድ ክፍል ብቻ ሥሩ። አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ወንበር፣ ሽንት ቤትና ሻወር አስገቡ። በሴቲንጉ ውስጥ «ፍሪ ዊል» የሚለው፣ ማለትም ሲሙ በራሱ እንዲመርጥ የሚፈቅደው፣ መከፈቱን አረጋግጡና እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። ሁለት ሦስት የሲም ቀን ብቻ ተመልከቱ። ከዚያ ጌሙን አቁሙና ፍሪጁን ወደ ማዶ ጥግ ውሰዱት፤ ሌላውን አትንኩ። ሰውየውን መልሳችሁ ልቀቁትና ምሳው ስንት ሰዓት ላይ እንደሚሆን እዩ።